የጎብዬው ታፔላ ጸሐፊ

ከወልድያ እስከ ቆቦ ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ባለች አጭር መንገድ ላይ ብዙ ነገር አያለሁ ብሎ የሚነሣ መንገደኛ የለም። እኔም በ2015 ዓ.ም. በግንቦት ወር ከወልድያ መናኸሪያ በማለዳ ስሳፈር ሐሳቤ ቆቦ ደርሼ ጉዳዬን ፈጽሜ ማታውኑ ለመመለስ ነበር። ዳሩ ግን ሚኒባሳችን የአላውሃን ወንዝ ተሻግሮ ሜዳውን ከያዘ በኋላ ጎብዬ መግቢያ ላይ ሲደርስ የኋላ ጎማው ጧ ብሎ ፈነዳ። ጦርነቱ ካበቃ ገና ጥቂት ወራት ነበርና ተሳፋሪው ሁሉ ለአንድ አፍታ ትንፋሹን ዋጠ፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ረዳቱ «ጎማ ነው፣ አትደንግጡ፤ ጎማ ነው!» ሲል ግን ሁላችንም ከልክ በላይ ሳቅን።

ትርፍ ጎማው ደግሞ ራሱ የተበሳ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩና ረዳቱ ሁለቱን ጎማዎች እያንከባለሉ ወደ ጎሚስታ ቤት ሲያመሩ «ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው» አሉን። የሾፌር አንድ ሰዓት ስንት ሰዓት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። እኔም ከዚያ ቀን በፊት ጎብዬን ብዙ ጊዜ በመስኮት ብቻ እያየሁ ያለፍሁ ሰው ስለነበርሁ፣ ዛሬስ በእግሬ ልያት ብዬ ወረድሁ።

ጎብዬ በራያ ቆቦ ወረዳ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋች አነስተኛ ከተማ ናት። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በስተምዕራብ ወደ ላስታ የሚያወጣው ደጋ ይታያል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሜዳ የማሽላ አገር ነው። ገበሬው ደጋሌት፣ ጅጉርቴ እያለ የማሽላውን ዘር በስም በስሙ ይጠራል። ዝናቡ ብዙ ጊዜ የማይታመን ስለሆነ ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ወደ እርሻው ማስገባት ከጥንት የቆየ ልማድ ነው። ወደ ቆቦ በኩል ደግሞ ከጉድጓድ በሚሳብ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረታል። ይህን ማንሣቴ ስለ እርሻ ለማውራት ሳይሆን፣ በዚህ አገር ሱቅ የሚከፍትና ስሙን በበሩ ላይ የሚያስጽፍ ሰው ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝ ለማመልከት ነው። ሌላም የገንዘብ ምንጭ አለ፤ እርሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በእግሬ ስሄድ መጀመሪያ ዓይኔን የሳቡት ፊደል የሌለባቸው ማስታወቂያዎች ናቸው። አንዲት ደጃፍ ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ቆሟል፤ ይህን አይቶ እዚህ ጠላ አለ ብሎ ለመረዳት ማንበብ መቻል አያስፈልግም። ሥጋ ቤቶቹ ደግሞ አንዱ መስቀል፣ አንዱ ጨረቃ ሥሎበታል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በየፊናው ሳይጠይቅ ይገባል። ወሎ ውስጥ ሰው ጎረቤቱ ቡና ሲጠራው የሚሄደው ሃይማኖት ሳይለይ ነው፤ ሥጋው ላይ ግን ስሕተት እንዳይደርስ አንዲት ትንሽ ሥዕል በቂ ሆና ትገኛለች። ጎሚስታው አሮጌ ጎማ በሽቦ ሰቅሏል። ፀጉር ቤቱ በር ላይ አንድ ፀጉሩ የተከመከመ ጎረምሳ ተሥሏል፤ አንገቱ ከራሱ ይወፍራል፤ ቢሆንም መልከ መልካም ነው። በድሮ ጊዜ ደግሞ ማስታወቂያ የሚባለው ከነጭራሹ የሚታይ ሳይሆን የሚሰማ ነበር፤ በገበያ ቀን ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ነጋሪው «ስማ፣ ያልሰማህ ስማ» ሲል ሻጩም ገዢውም ሚዛኑን አስቀምጦ ጆሮውን ያቀና ነበር። ዛሬም በመናኸሪያ የረዳቶቹ ጩኸት የዚያ ወንድም ነው።

እንዲህ እያልሁ ስሄድ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ፊት ለፊት ቆምሁ። በግድግዳዋ ላይ ሊደርቁ የተደገፉ አምስት ስድስት ላሜራዎች፣ በደጃፉ አንድ መሰላል፣ በውስጥ ደግሞ የቀለምና የአኳራጅ ሽታ አለ። ጽሕፈት፣ ሥዕል፣ ማህተም፣ ባነር፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የባጃጅ ጽሑፍ ሁሉ በዚያች አንዲት ክፍል ይሠራል። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ይህ የማስታወቂያ ድርጅት ተብሎ በአንድ ፎቅ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ እዚህ ግን ሰዉ የሚጠራው «ታፔላ ቤት» እያለ ነው። ታፔላ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ላሜራም እንዲሁ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ መንገዱን ሲሠራ በዳሩ ብዙ ቃል ጥሎ ሄዷል።

የቤቱ ባለቤት ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ናቸው። አብረዋቸው ሁለት ወጣቶች ይሠራሉ፤ አንዲት በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር የተማረች ልጅና አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ። ስማቸውን አላነሣም፤ ታፔላ የሚጽፉ ሰዎች የሌላውን ስም በትልቁ ጽፈው የራሳቸውን የማይጽፉ ናቸውና ልማዳቸውን አከብራለሁ።

«ጎማ ነው?» አሉኝ ሽማግሌው ገና ሲያዩኝ። «አዎን» አልሁ። «እንግዲያው ብዙ ጊዜ አለህ፤ ግባ፣ አረፍ በል። ልጄ፣ ለእንግዳው ቡናውን ጀባ በይው» አሉ። ጀበናው ጥግ ላይ በከሰል ተጥዶ ነበር፤ አቦሉ አልፎ ቶናው ነበር የደረሰኝ።

እንዴት ወደዚህ ሥራ እንደገቡ ስጠይቃቸው ነገሩን ከትምህርት ቤት ጀመሩት። ልጅ ሳሉ ለመምህራን ካርታ ይሥሉ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ቀበሌው ይህን ሰማና መፈክር አስጻፋቸው፤ በቀይ ጨርቅ ላይ በነጭ ቀለም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ደግሞ የፊደል ገበታ እንዲያዘጋጁ ታዘዙ። «እጄን ያሰላው ያ ነው» አሉኝ። «መፈክሩን ሰው በግድ ነው የሚያነበው። ፊደሉን ግን አንድ ገበሬ ጣቱን እየጫነ ሲያነበው ስታይ፣ የጻፍኸው ‹ሐ› ጠማማ ከሆነ ያፍራል ሰው።» ከዚያ በኋላ መንግሥት ሲለወጥና ነጋዴው ሱቅ ሲከፍት መፈክር ጸሐፊው ታፔላ ጸሐፊ ሆነ። በአገራችን በብዙ ከተሞች የዚህ ሙያ ሰዎች ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም።

በእርግጥ የኢትዮጵያ የንግድ ማስታወቂያ ከዚያ በጣም የቀደመ ነው። በ1917 ዓ.ም. መታተም የጀመረው ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ የነጋዴዎችን ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለሥዕል እጅ ያላቸውን ወጣቶች ማሠልጠን ጀመረ፤ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌቪዥን መጣ። ይህ ሁሉ ግን የአዲስ አበባ ታሪክ ነው። ጎብዬ የደረሰው በሽማግሌው ብሩሽ በኩል ነው።

አሠራራቸውን ቁጭ ብዬ አየሁ። ላሜራው መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ ከዚያ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ከዚያም ነጩ ሁለት ጊዜ ይቀባል። ሲደርቅ ጠመኔ የተቀባ ክር ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ እንደ ክራር ጅማት ይነካል፤ ቀጥ ያለ መስመር ላሜራው ላይ ይቀራል። ቀጥሎ ፊደል ይቆጠራል። ጀማሪ የሆነ ጸሐፊ ከግራ ጀምሮ ዝም ብሎ ይጽፍና መጨረሻ ላይ ቦታ ሲያልቅበት «ምግብ ቤ» ካለ በኋላ «ት»ን እንደ ቅማል አሳንሶ ጥግ ላይ ይለጥፋታል። እንዲህ ያለ ታፔላ ያላየ አንባቢ አለ ብዬ አላምንም። ሽማግሌው ግን ከመካከል ጀምረው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነው የሚሄዱት። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ፊደላችን ሁሉ አንድ ወርድ የለውምና። «ጠ»ና «ጨ» ሦስት እግር ይዘው ይንሰራፋሉ፤ «ነ»ና «ተ» ደግሞ ቀጫጭን ናቸው። ሠላሳ ሦስቱ ሆሄያት በሰባት በሰባት ሲባዙ 231 መልክ ይሆናሉ፤ የላቲን ጸሐፊ በሃያ ስድስት ፊደል የሚገላገለውን የኛው ሰው እነዚህን ሁሉ በእጁ ማወቅ አለበት።

ከዚህ የሚብሰው የፊደል ክርክር ነው። ደንበኛው «ስጋ» ብሎ ይጽፍና ያመጣል፤ ሽማግሌው «ሥጋ» ይሉታል። «ፀጉር» ነው ወይስ «ጸጉር»? ልጅቷ እየሳቀች እንደነገረችኝ አንድ ጊዜ አንድ ባለ ፀጉር ቤት በዚህ ተጣልቶ ላሜራውን ባዶውን ይዞ ሄዷል። የከተማዋ ስም ራሱ አልተስማማም፤ አንዱ «ጎብዬ»፣ ሌላው «ጎብየ» እያለ ይጽፈዋል፤ የድሮዎቹ ደግሞ «ጐ»ን ይመርጣሉ። በዚያን ዕለት ጥያቄው በጣም አሳሳቢ ሆኖ ነበር፤ ምክንያቱም ነጋዴዎቹ አዋጥተው የከተማውን መግቢያ ታፔላ እንደገና አዝዘዋል። አሮጌው በጦርነቱ ጊዜ ወድቋል።

ስለ ጦርነቱ ብዙ መጻፍ አልፈልግም፤ አንባቢም ያውቀዋል። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.፣ ዳግመኛም ከነሐሴ 2014 ጀምሮ የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. እስኪፈረም ድረስ ጦርነቱ በዚህ ሜዳ ላይ ተመላልሷል። ታፔላ ጸሐፊው ያየው የዚያን ጥቂቱን ነው፤ ጥይት የበሳው ላሜራ ሲመጣለት ቀዳዳውን በስቱኮ ይደፍናል፣ ያለዝባል፣ እንደገና ነጭ ይቀባል። «ሁሉም ግን አይደፈንም» አሉኝ ሽማግሌው። «አንድ ባለ ሱቅ ቀዳዳዎቹን ተዋቸው፣ ስሙን ብቻ አድስልኝ አለኝ። ሦስቱ ቀዳዳዎች በፊደሎቹ መካከል አሉ። እንዲያልፉለት ፊደሉን ትንሽ አራርቄ ጻፍሁ።»

ሥራው አሁን እንደ ድሮው በብሩሽ ብቻ አይደለም። ልጅቷ በላፕቶፗ የምታዘጋጀውን በስልክ ወደ ወልድያ ትልከዋለች፤ እዚያ በፍሌክስ ይታተምና ተጠቅልሎ በሚኒባስ ረዳት እጅ ይመለሳል። ይህ ፈጣን ነው፤ ፎቶግራፍም ይይዛል። ሠርግ ሲሆን፣ ምርቃት ሲሆን፣ በነሐሴም ልጃገረዶቹ ለሶለል ሲወጡ ሰዉ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሽማግሌው ፍሌክስን አይጠሉም፤ ነገር ግን የቆላ ፀሐይ እንደማይምረው ያውቃሉ። ቀዩ በመጀመሪያ ይገረጣል፣ ቀጥሎ ቢጫው፤ ሰማያዊው ብቻውን ይቀራል፣ ነፋስም ይቀደዋል። በላሜራ ላይ የተጻፈው ግን ብዙ ክረምት ያያል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን በእጅጉ ከገደበ ወዲህ ደግሞ፣ ቀደም ሲል የቢራ ፋብሪካዎች በየመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያስቀቡት የነበረው ሥራ ቀርቷል። «ያ ሥራ ደኅና ገንዘብ ነበረው፤ ቢሆንም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጠርሙስ መሣል እጅን ያደነዝዛል» አሉ።

ሐሳብ ከየት እንደሚያመጡ ጠየቅሁ። ይህን ጥያቄ በትልልቅ ከተማ ያሉ የማስታወቂያ ሰዎች ሲጠየቁ ስለ መንፈስ መነሣሣት ብዙ ይናገራሉ። ልጅቷ ግን ከኪሷ ደብተር አውጥታ አሳየችኝ። በገበያ ቀን ትሄዳለች፤ አንዳች ሳትገዛ ትዞራለች፤ ሻጮቹ የሚሉትን ትጽፋለች። አንዷ በርበሬ ሻጭ ዕቃዋን ሳታመሰግን «አስነጥሶህ ሂድ» እያለች ብቻ ትሸጣለች። ሌላው የበግ ነጋዴ «ቀና ብላችሁ አትዩት፣ ጎንበስ ብላችሁ ዳስሱት» ይላል። ባጃጆችም ምንጭ ናቸው፤ ሹፌሩ ጀርባዋ ላይ የሚያስጽፈው ነገር የሆዱ ነውና።

በዚያ ሳምንት የያዙት ሥራ የአንድ ሽንኩርት ነጋዴ ነበር። ነጋዴው ያዘዘው «ምርጥ ሽንኩርት» ተብሎ እንዲጻፍለት ነው። ልጅቷ «ምርጥ ያላለ ማን አለ?» ብላ «ዛሬ ጠዋት የተነቀለ» የሚል አቀረበች። ነጋዴው ወደደው። ሽማግሌው ግን «ታፔላው ማታም እዚያው ነው የሚቆመው፤ ማታ ምን ሊሆን ነው?» አሉ። «በየቀኑ ከማሳ» ወደሚለው ዞሩ። አሁንም «በየቀኑ ነው?» ብለው ነጋዴውን ጠየቁት። ጥቂት አሰበና «ከእሑድ በቀር» አለ። እነሆ ላሜራው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር፤ «ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየቀኑ ከማሳ» ይላል። እኔ በበኩሌ እሑድን ያመነ ነጋዴ ሰኞንም አይዋሽም ብዬ አንድ ኪሎ እገዛው ነበር።

ይህን ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዴቪድ ኦግልቪ የሚባለው እንግሊዛዊ በወጣትነቱ በፓሪስ ሆቴል ወጥ ቤት የሠራ፣ በስኮትላንድም ከቤት ቤት እየዞረ ምድጃ የሸጠ ሰው ነው፤ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1948 ኒው ዮርክ ላይ በዓለም የታወቀ የማስታወቂያ ድርጅት አቋቋመ። በ1958 ስለ ሮልስ ሮይስ አውቶሞቢል ሲጽፍ ምርጥ ነው፣ ውብ ነው ሳይል፣ መኪናው በሰዓት 60 ማይል ሲከንፍ ጎልቶ የሚሰማው የውስጡ ሰዓት ድምፅ መሆኑን ብቻ ተናገረ። አንዲት ትንሽ እውነተኛ ነገር መርጦ መናገር ከብዙ ምስጋና እንደሚበልጥ የምድጃ ሻጩና የጎብዬዋ ልጅ ሳይተዋወቁ ተስማምተዋል። ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው «ሰዓቱ ባይሠራስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እኩለ ቀን ሲቃረብ አንድ ነጭ መኪና ከደጃፉ ቆመና ደኅና የለበሰ ሰው ወረደ። ሰላምታውን አሳምሮ ሰጠ። ትልቅ ታፔላ ለቆቦ፣ አነስ ያሉ ደግሞ በመንገድ ዳር ላሉ ከተሞች ይፈልጋል። ጽሑፉን በወረቀት አምጥቷል፤ ስለ ዓረብ አገር ሥራ ነው። በአንድ ወር ውስጥ እንደሚላኩ፣ ደመወዙ ከፍ ያለ እንደሆነ፣ ወንድም ሴትም እንደሚመዘገብ ይናገራል፤ ከሥሩ የስልክ ቁጥር አለ።

ሽማግሌው ወረቀቱን በመነጽራቸው ሁለት ጊዜ አነበቡትና «የፈቃዱ ቁጥር የለበትም» አሉ።

«ስልኩ አለ፣ አባቴ፤ ሰው የሚፈልገው ስልኩን ነው።»

«የፈቃዱን ወረቀት ያምጡልኝ። ቁጥሩን ከስሙ ሥር በቀይ አሳምሬ እጽፈዋለሁ፤ ለእርሱ ገንዘብ አላስከፍልዎትም።»

«በሂደት ላይ ነው።»

«እንግዲያው ሂደቱ ሲያልቅ ይምጡ።»

ሰውየው አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ «ወልድያ ብሄድ በአንድ ሰዓት ያትሙልኛል እኮ» አለ። ሽማግሌውም «ያትሙልዎታል» አሉ። መኪናው ሄደ።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ ያልሁትን የገንዘብ ምንጭ ማንሣት አለብኝ። ከራያ ቆቦ ወጣቶች ብዙዎች ወደ ሳዑዲ ይሄዳሉ። አንዳንዱ በሕጋዊ መንገድ፤ ብዙው ግን በአፋር በረሃ አቋርጦ ወደ ጅቡቲ ኦቦክ ወደብ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን በእግሩ ወደ ድንበሩ። የደረሰለት ይልካል፤ በዚያ ገንዘብ ቤት ይሠራል፣ ወፍጮ ይተከላል፣ ሱቅ ይከፈታል፣ ሱቁም ታፔላ ያስፈልገዋል። ያልደረሰለት ደግሞ አለ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን አስወጥታለች። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት ላይ በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ሠራተኛ የሚልክ ኤጀንሲ ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ደግሞ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ሽማግሌው አዋጆቹን በቁጥር ጠቅሰው አልተከራከሩም። ልጅቷ በኋላ በዝግታ እንደነገረችኝ የእኅታቸው ልጅ በ2006 ከተመለሱት አንዱ ነው፤ ሲሄድ ያረደው በሬ እንጂ ሲመለስ የያዘው ነገር አልነበረም። አሁን ባጃጅ ይነዳል።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ቤቱ ዝም አለ። ጎረምሳው ብሩሹን አኳራጅ ውስጥ ነክሮ ሲያበቃ «ጋሼ፣ የሁለት ወር ኪራይ ነበር» አለ። ሽማግሌው «አውቃለሁ» አሉ። «እርሱ እንደሆነ ወልድያ ያስጽፈዋል። ታፔላው አይቀርም። እኛ ብቻ ነን የቀረነው» አለ ልጁ። ይህም እውነት ነው። ሽማግሌው ለዚህ መልስ አልሰጡም፤ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ።

ልጁ ወደ ደጅ ሲወጣ ተከተልሁት። እጁ ከጌታው እጅ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ፀጉር ቤቱ ላይ ያየሁት ወፍራም አንገት የመጀመሪያ ሥራው ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሣላቸው ሰዎች አንገት ልክ ነው። አብረውት አሥረኛ ክፍል ከነበሩ ሦስት ጓደኞቹ ሁለቱ ሄደዋል። አንደኛው ከሳዑዲ በየሳምንቱ ይደውልለታል። ሁለተኛው የመን ከገባ ወዲህ አልደወለም። «ጋሼ ያንን ሰውዬ የመለሱት ለእኔ ብለው ነው» አለኝ፤ «ደላላው ስልኬን እንዳለው አያውቁም።» ቀጥሎም አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ሥራ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀኝ።

እንዲህ ሲጠየቅ መዋሸት ቀላል ነው። እኔ ያወቅሁትን ነገርሁት። ትልልቆቹ ድርጅቶች የሚሠሩት በኮምፒዩተር ነው፤ በብሩሽ ብቻ የሚቀጥሩ ጥቂት ናቸው። ነገር ግን ፊደል በእጁ የሚያውቅ ሰው ኮምፒዩተሩን ሲማር ፊደል ከማያውቀው ይቀድማል፤ ይህን የሚያምኑ ባለሙያዎች አጋጥመውኛል። ስለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ስነግረው ስሙን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር እንደሆነ፣ ገቢዎችን በሥዕል ፈተና እንደሚቀበል፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን መጨረስ እንደሚያስፈልግ ነገርሁት። «ዐሥራ ሁለተኛ» አለና ዝም አለ። እርሱ ያቋረጠው ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ የተዘጋ ጊዜ ነው። ልጅቷ ከውስጥ ሆና ትሰማን ኖሯል፤ «ማታ መማር ይቻላል ብዬው ነበር፤ ከእንግዳ ሲሰማ ይሻለዋል» አለች።

በዚህ መካከል ረዳቱ እየሮጠ መጣ፤ ጎማው ተሠርቷል። የሾፌሩ አንድ ሰዓት ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፤ እኔ ግን ቅር አላለኝም። ሽማግሌውን ስሰናበት ስለ ከተማው ታፔላ ጠየቅኋቸው፤ «በመጨረሻ የትኛው ሆነ? የ ነው ወይስ ዬ?»

«ነጋዴዎቹ ዬ ይላሉ። ቀበሌው በማህተሙ ላይ የ ነው ያለው። እኔ ልጁ ይወስን ብያለሁ፤ የሚጽፈው እርሱ ነው።»

ሚኒባሳችን ሲነሣ ልጁ በከተማው መውጫ መሰላል ላይ ነበር። ጠመኔው መስመር በሰፊው ነጭ ላሜራ ላይ ይታያል፤ እንደ ጌታው ከመካከል ጀምሯል። በመስኮት ስጣራ ብሩሹን አነሣልኝ።

ቆቦ ጉዳዬ ዘገየና ስመለስ መሽቶ ነበር። ጎብዬ ስንደርስ መብራት ጠፍቷል፤ የመኪናው መብራት ብቻ ታፔላው ላይ አረፈ። «እንኳን ወደ ጎብ» ይላል። መሰላሉ አሁንም ተደግፎ ነበር፤ ልጁ በአጠገቡ አልነበረም። ከ«ብ» ቀጥሎ በእርሳስ የተሠመረ ነገር ያለ መሰለኝ፤ ሾፌሩ ግን በጨለማ መቆም ስላልወደደ ምን እንደሆነ ሳላነበው አለፍን።